ታጥቦ የሚመለስ የካርፔት እድፍ፦ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቂ አትጠቢው

ጠያቂዋ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው። ከባለቤቷ ጋር ቤዝመንት (ከቤቱ ስር ያለውን ምድር ቤት) ተከራይተዋል። ጥያቄዋ በአጭሩ ይሄ ነው፦

«ስንገባ ካርፔቱ ንጹህ ይመስል ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሳሎኑ መሀል መዳፍ የሚያህል ቡናማ እድፍ ወጣ። ሌላ ደግሞ የማሞቂያው ማሽን ያለበት ጓዳ በር አጠገብ አለ። አጥበዋለሁ፣ ይጠፋል፣ በሁለት በሦስት ቀን እዚያው ቦታ ይመለሳል። ማሽን ተከራይተን ሁሉ አጠብነው፣ ባሰበት። በግድግዳው ዙሪያ ጥቁር መስመርም አለ፤ ሻጋታ ነው ብዬ ፈርቻለሁ። አከራያችን የአገራችን ሰው ናቸው፣ እናቴን የሚያህሉ፤ ደፍሬ ለመናገር ይሉኝታ ይዞኛል። እሳቸው ግን ‹ቡና እያፈላችሁ ያበላሻችሁት ነው፣ ከዲፖዚታችሁ (ካስያዛችሁት ገንዘብ) ይቆረጣል› ይላሉ። ባለቤቴ በረኪና እንሞክር ይላል። ምን ይሻለናል?»

በረኪናውን ወደ ቦታው መልሱት። ማጠቡንም ለጊዜው አቁሙ። እድፍ በታጠበ ቁጥር እዚያው ቦታ ከተመለሰ ምንጩ ከስር አለ ማለት ነው። እሱን ሳታገኙ የምታፈሱት ውሃና ሳሙና ሁሉ ለእድፉ ስንቅ ነው። እስካሁን የሆነው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ የእጃችሁ ስንፍና አይደለም።

ከላይ የምናየው የካርፔቱን ፀጉር ብቻ ነው። ከፀጉሩ ስር ጀርባው አለ። ከጀርባው ስር ስፖንጅ የመሰለው ንጣፍ፣ 'ፓድ' የሚባለው፣ አለ። ከዚያ በታች፣ ቤዝመንት ከሆነ፣ ኮንክሪት ነው። አንድ ስኒ ቡና ሲደፋ ከላይ የሚቀረው ትንሹ ነው፤ ብዙው ወርዶ ፓዱ ውስጥ ይተኛል፣ እዚያም ወደ ጎን ይሰፋል። ከላይ ስታጥቢው ይጠፋል። ያፈሰስሽው ውሃ ግን ወርዶ ስር የደረቀውን ቡና ያሟሟዋል። ከዚያ ፀጉሩ ከጫፉ መድረቅ ሲጀምር፣ የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው፣ ያንን ቡናማ ውሃ ከስር ይስበዋል። ውሃው ይተንና ቀለሙ ጫፉ ላይ ይቀራል። ሁለት ሦስት ቀን የሚፈጅበትም ለዚህ ነው፤ ካርፔቱ እስኪደርቅ ነው የሚጠብቀው።

«ማሽን ተከራይተን አጠብነው፣ ባሰበት» ላልሽውም መልሱ እዚሁ ነው። ከሱቅ የሚከራዩት ማሽኖች ውሃ መርጨት ላይ ጎበዝ ናቸው፣ መልሶ መምጠጥ ላይ ግን ሰነፍ። ሰው ደግሞ ይጥራልኝ ብሎ ሳሙናውን ያበዛዋል። ሳይወጣ የቀረው ሳሙና ሲደርቅ ይጣበቅና የእግር አቧራ ይይዛል። በሳምንቱ «ያው ተመለሰ» ይባላል። ይሄኛው ዓይነት ግን ቀለሙ ወደ ግራጫ ነው፣ ስትዳስሺውም ይከረክራል ወይም ያጣብቃል። መድኃኒቱ ሳሙና የሌለበት ለብ ያለ ውሃ በትንሹ ማድረግና ደጋግሞ መምጠጥ ነው።

እዚህ ላይ አከራይሽ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ቡናማ እድፍ ሁሉ ቡና አይደለም። ጀርባው ከጁት (ከቃጫ ዓይነት) የተሠራ አሮጌ ካርፔት፣ ወይም ከስሩ እንጨት ያለበት ወለል፣ ለረጅም ጊዜ ሲርስ ራሱ ቡናማ ቀለም ይለቃል፣ ምንም ነገር ሳይደፋበት። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አይቶ «የእናንተ ቡና ነው» ማለት አይቻልም። «የእኛ አይደለም» ማለትም እንደዚሁ፤ ሳታጣሩ አትሟገቱ። የሁለቱ እድፎች ምክንያትም አንድ ላይሆን ይችላል። እኔ እንደምጠረጥረው የሳሎኑ አሮጌ የተደፋ ነገር ነው፣ የእናንተ ወይም ከእናንተ በፊት የነበረው ተከራይ። የጓዳው በር አጠገብ ያለው ግን ሌላ ጠባይ አለው።

መጀመሪያ የሳሎኑን በፎጣ ፈትኚው። እድፉ ላይ ለብ ያለ ውሃ፣ ከግማሽ ስኒ ያልበለጠ፣ ጠብ ጠብ አድርጊበት። እንዳታሺው። ነጭ የጥጥ ፎጣ አራት ቦታ አጥፈሽ ላዩ ላይ አድርጊና በፌስታል የተጠቀለለ ከባድ ነገር ጫኚበት። ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ፎጣውን ገልብጠሽ ስታዪው ሻይ የነካው የመሰለ ቡናማ ክብ ካገኘሽ እጅ ከፍንጅ ያዝሽው ማለት ነው፤ ቀለሙ ፓዱ ውስጥ ነበር፣ አሁን ወደ ፎጣው እየወጣ ነው። በሚቀጥለው ሌሊት በሌላ ንጹህ ፎጣ ድገሚው። ፎጣው ነጭ ሆኖ እስኪያድር ቀጥዪ። ከዚያ ምንም ሳትነኪው ሁለት ሳምንት ተዪው። ካልተመለሰ ጉዳዩ አበቃ፤ ስር የነበረው ቀለም መጠን ነበረውና አለቀ። አንቺ ጠብታ ውሃ ሳታደርጊበት ከተመለሰ ግን ውሃ ከሌላ ቦታ እየመጣ ነው። ዋናው ፈተና ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ይህንን ለማጠናከር ነው።

የጓዳውን በር ደግሞ ክፈቺና በባትሪ እዪ። እዚያ ያለው ማሽን በሰመር ኤሲ ሆኖ ቤቱን ሲያቀዘቅዝ ከአየሩ ውስጥ ውሃ ይጨምቃል። የዋሽንግተን አካባቢ ጁላይና ኦገስት ወበቁን ታውቂዋለሽ፤ በቀን ብዙ ሊትር ሊወጣ ይችላል። ውሃው ማሽኑ ስር ባለ ሳህን ተጠራቅሞ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይወጣል። ቱቦው ውስጥ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይበቅልና ይደፍነዋል። ያኔ ሳህኑ ይሞላል፣ ውሃው በበሩ ስር ሾልኮ ፓዱ ውስጥ ይገባል። ከላይ ምንም ኩሬ አይታይም፤ ካርፔቱን በእጅሽ ጫን ስትዪው ብቻ ይቀዘቅዝሻል። የሳህኑ ጠርዝ ዝጎ ወይም ውሃ የደረሰበት የደረቀ መስመር ካየሽ ፎቶ አንሺ። የውሃ ማሞቂያው በርሜልም እዚያው ከሆነ ስሩን እዪው፤ እሱም ሲያረጅ ያንጠባጥባል። እድፉ ኤሲ በሚሠራባቸው ወራት መጥቶ በዊንተር የሚጠፋ ከሆነ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ዝናብ ነው። ቤዝመንት ውስጥ ውሃ በብዛት የሚገባው ግድግዳውና ወለሉ በሚገናኙበት ስንጥቅ ነው፤ የሚመጣውም አንዳንዴ ዝናቡ ካቆመ ከአንድ ቀን በኋላ ስለሆነ ሰው አያገናኘውም። ስልክሽ ላይ ማስታወሻ ክፈቺ። ቀኑን፣ ዝናብ መዝነቡን፣ ኤሲ መከፈቱን፣ ልብስ መታጠቡን፣ እድፉ መታየት አለመታየቱን ጻፊ። ሦስት አራት ሳምንት ይበቃል። ወጥተሽ ደግሞ ከጣራው የሚወርደው አሸንዳ የት እንደሚያፈስ እዪ። ግድግዳው ስር ከሆነ የሚያፈሰው፣ ብዙ ጊዜ ቱቦውን ከቤቱ ራቅ አድርጎ ማስረዘም ብቻ ግማሹን ችግር ይገላግላል። ሰዎች ለካርፔት እጥበት ስንቱን ዶላር ካፈሰሱ በኋላ መፍትሔው ውጪ የአንድ ቱቦ ጉዳይ ሆኖ ሲገኝ ያናድዳል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የካርፔቱን ጥግ ገለጥ አድርጎ ማየት ነው። ይሄን አንቺ አታድርጊው። አከራይሽ ወይም እሳቸው ያመጡት ባለሙያ ይግለጠው፣ አንቺ አጠገባቸው ቁሚና ፎቶ አንሺ። ከላይ የተደፋ ነገር ከሆነ ፓዱ ላይ ያለው እድፍ ከላይኛው ሰፋ ይላል፣ ዙሪያው ግን ደረቅ ነው፣ ኮንክሪቱም ደህና ነው። ከስር የሚመጣ ውሃ ከሆነ ሌላ ጉድ ነው የምታዩት፦ ፓዱ በሰፊው ርሷል፣ ኮንክሪቱ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው አለ፣ በግድግዳው ጥግ ካርፔቱን የሚይዘው ሚስማር ያለበት ቀጭን እንጨት ጠቁሯል፣ ሚስማሮቹም ዝገዋል። ከላይ በግድግዳው ዳር ተራ በተራ የተሰለፉ ትናንሽ ብርቱካንማ ነጥቦች ካሉ የእነዚያ ሚስማሮች ዝገት ነው። ቡና በሰልፍ አይደፋም።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ቤቶች ከ1940ዎቹ እስከ 1960ዎቹ የተሠሩ ናቸው። ካርፔቱ ሲገለጥ ከስሩ አሮጌ፣ በየጎኑ 9 ኢንች የሆነ ካሬ ንጣፍ ወይም ጥቁር ማጣበቂያ ከታየ እዚያው ቁሙ። አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ተኝቶ ካለ ብዙም አይጎዳም፤ የሚያሰጋው ሲፈቀፈቅ፣ ሲሰበርና ሲቦን ነው። ናሙና ወስዶ የሚመረምር ባለሙያ ሳያየው ማንም አይንካው።

አሁን ወደ ጥቁሩ መስመር። ሻጋታ አይመስለኝም። ሻጋታ ዝብርቅርቅ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ሽታም አለው። ግድግዳውን ተከትሎ ቀጥ ያለ መስመር፣ በተለይ ተዘግተው በሚያድሩ በሮች ስርና አየር በሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ የሚታየው፣ ጥላሸት ነው። አየር በግድግዳውና በወለሉ መካከል ባለው ክፍተት ይሾልካል፣ ካርፔቱ ደግሞ ያጣራዋል፤ ጭስና ብናኙ እዚያው ይቀራል። በነጭ ጨርቅ ስትጠርጊው ቅባት ያለው ግራጫ ይወጣል። እዚህ ላይ አከራይሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ዕጣኑ፣ ሻማው፣ የቡና ቁሌቱ፣ ጥብሱ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ያልተቀየረ የማሞቂያ ፊልተርና ከመንገድ የሚገባው የመኪና ጭስም አላቸው። ፊልተሩን ማን እንደሚቀይር ውላችሁ ላይ እዪ፤ በየአንድ እስከ ሦስት ወሩ መቀየር አለበት። መስመሩን ማቅለል ይቻላል፤ ሙሉ በሙሉ ማስለቀቅ ግን አልፎ አልፎ ነው የሚሳካው፣ ጥሩ ባለሙያም ቢሆን። «አጠፋላችኋለሁ» ብሎ ቃል የሚገባ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ቡናውን ከሰል ላይ የምታፈሉ ከሆነ ደግሞ የካርፔቱን ነገር እንርሳው። ቤዝመንት ውስጥ ከሰል አይነድም፤ መስኮት ተከፍቶም ቢሆን። የከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ይገድላል። ኤሌክትሪክ ምድጃ ተጠቀሙ። ዕጣኑንም በኤሌክትሪክ ማጨሻ አድርጉት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ከሌላችሁ ዛሬውኑ ይገጠም።

ባለቤትሽ በረኪና ያለው እድፍ ይለቃል ብሎ ነው። በረኪና ግን የካርፔቱን ቀለምም ይዞ ነው የሚሄድ፣ የሄደ ቀለም ደግሞ በእጥበት አይመለስም። አሁን አከራካሪ የሆነውን እድፍ የማያከራክር ጥፋት ታደርጉታላችሁ። ከአቸቶ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲገናኝም መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፤ አሮጌ የውሻ ወይም የድመት ሽንት ያለበት ካርፔትም አሞኒያ አለበት። በነገራችን ላይ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ነጠብጣብ ከመስታወቱ አጠገብ ወይም አልጋው ዳር ካያችሁ የፊታችሁን ክሬም ጠርጥሩ። የብጉር መድኃኒት ውስጥ ያለው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ካርፔት ያነጣል፣ ብዙ ጊዜም እርጥበት ሲያገኝ ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው። ያ እድፍ አይደለም፣ የጠፋ ቀለም ነው።

የእንስሳ ሽንት ካነሳን አይቀር፦ ወበቅ ሲመጣ የሚነሳ ሽታ ካለ የቀድሞው ተከራይ እንስሳ ሊሆን ይችላል። የሽንት ጨው እርጥበት ከአየር ይስባል። ማታ መብራት አጥፍታችሁ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ካያችሁት ያበራል። የልብስ ሳሙናም ስለሚያበራ በእሱ ብቻ አትፍረዱ፤ አሽትቱም።

እድፉ ላይ ስጋጃ ደርቦ መተው የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ከስር እርጥበት ካለ ስጋጃው ያፍነዋል፣ ያኔ የፈራሽው ሻጋታ እውነት ይሆናል። የራሰ ካርፔት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ መድረቅ አለበት፤ ካለፈ ሻጋታ ይጀምራል። የስጋጃው ቀለምም ሊወርድበት ይችላል።

ማስተካከያው እንደ ምንጩ ነው። አሮጌ የተደፋ ነገር ከሆነ የፎጣው ዘዴ ወይም በሙቅ ውሃ አጥቦ በደንብ የሚመጥ ባለሙያ ይበቃል፤ ስትቀጥሩት «ተመላልሶ የሚመጣ ነው፣ ፓዱ ውስጥ ነው» በሉት፣ አሠራሩን ይለውጣል። ለቀረው ቡናማ ጥላ አንድ እጅ ነጭ አቸቶ በሁለት እጅ ውሃ ይረዳል፤ መጀመሪያ ቁም ሳጥን ውስጥ ባለ ጥግ ሞክሩት። በጣም ከባሰ ያንን ቦታ ብቻ ቆርጦ ከቁም ሳጥን ውስጥ በተወሰደ ቁራጭ መተካት ይቻላል፣ ፓዱንም ጨምሮ። ውሃው ከኤሲ፣ ከቧንቧ ወይም ከዝናብ ከሆነ ግን ምንጩ ሳይዘጋ አዲስ ካርፔት ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። ያ ደግሞ የአከራያችሁ ሥራ ነው፣ የእናንተ አይደለም።

ስለ ዲፖዚቱ አትደንግጡ። በሜሪላንድ ሕግ አከራይ ከዲፖዚት መቁረጥ የሚችለው ከተለመደው መጎሳቆል በላይ ለሆነ ጉዳት ነው። ከለቀቃችሁ በ45 ቀን ውስጥ ወይ ገንዘቡን ይመልሳሉ ወይ የጉዳቱን ዝርዝር ከወጪው ጋር በጽሑፍ ይልካሉ፤ ዝርዝሩን ካልላኩ ለጉዳት የመቁረጥ መብታቸውን ያጣሉ። ያለ በቂ ምክንያት ከያዙባችሁ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት እጥፍ ሊያስከፍላቸው ይችላል። ስትለቁ ፍተሻው ላይ ለመገኘት ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት በሰርቲፋይድ ሜይል (ፖስታ ቤት መላኩን በደረሰኝ በሚያረጋግጥበት ደብዳቤ) ማሳወቅ አለባችሁ፤ ይሄን የሚያደርግ ሀበሻ ብዙ አላይም፣ እናንተ አድርጉት። የካርፔቱን ዕድሜም ጠይቁ። አይአርኤስ (የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) ለግብር ሲያሰላ የኪራይ ቤት ካርፔትን ዋጋ በ5 ዓመት ውስጥ ቀንሶ ነው የሚጨርሰው። የዲፖዚት ሕግ ባይሆንም፣ አሥር ዓመት የረገጡትን ካርፔት በአዲስ ዋጋ ክፈሉ ሲባል የሚያነሱት ነገር ነው።

ይሉኝታውን ይገባኛል። እናት የሚያህል ሰው በሕግ ማስፈራራት ነውር ነው፣ አያስፈልግምም። ግን በቃል ብቻ አትተዉት። ሄዳችሁ በአክብሮት ንገሯቸው፣ ማታውን ደግሞ ይህን የመሰለ ቴክስት ላኩላቸው፦ «እትዬ፣ ዛሬ እንደነገርንዎት የሳሎኑና የጓዳው በር አጠገብ ያለው እድፍ ሳናጥበው ተመልሶ መጥቷል። የጓዳው በኩል በእጅ ሲነካ ርጥብ ነው። ፎቶዎቹን ልከናል። ውሃው ቤትዎን ሳይጎዳ የኤሲውን ቱቦ የሚያይ ሰው ቢልኩልን። ጥጉንም አብረን ገልጠን ብናየው ጥሩ ነው።» «ቤትዎን ሳይጎዳ» የሚለውን እንዳታወጪው፤ ውሃው የእሳቸውን ግድግዳ ነው የሚበላው፣ እሱን ሲያስቡ የቡናው ክስ ይበርዳል። ቴክስቱ ቀንና ሰዓት አለው፣ ነገ ዲፖዚት ላይ ክርክር ቢነሳ ያወጣችኋል። ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ ምንም ካልተደረገ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ስለሆነች ወደ ካውንቲው የመረጃ ስልክ 311 ደውሉና የአከራይና ተከራይ ጉዳይ ቢሮውን ጠይቁ። አገልግሎቱ ነጻ ነው፣ አማርኛ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላላችሁ።